ሕንፃን በኮምፒውተር ማቀድ ለሙያተኛ በጨዋታ ሲሰጥ፦ የቆርኪው ጠረጴዛ፣ የዱፕሌክስ ሞዴልና ነጻዎቹ ሶፍትዌሮች ሲመዘኑ

ቢአይኤም፣ ማለትም ሕንፃን ከነዝርዝር መረጃው አስቀድሞ በኮምፒውተር ላይ የመገንባት አሠራር፣ ሥልጠና ሲሰጥበት ወንበሩን የሚሞሉት ብዙውን ጊዜ አርክቴክቶችና መሐንዲሶች ናቸው። ቧንቧውን የሚዘረጋው፣ ኮንዲዩቱን (የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበትን ቱቦ) በፌሮው መሐል የሚያሳልፈው፣ ብሎኬቱን የሚደረድረው ግን ሌላ ሰው ነው። እሱ ካላነበበው ሞዴሉ የቢሮ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። እዚህ የምንመዝናቸው ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚያገለግሉ ጨዋታዎችና ነጻ ሶፍትዌሮች ናቸው። መለኪያችን ቀላል ነው፦ አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ወይም አንድ መካከለኛ ተቋራጭ የሶፍትዌር ፈቃድ ሳይገዛ፣ በአንድ ክፍል፣ በጥቂት ላፕቶፕና በሠልጣኞቹ ስልክ ሊያካሂደው ይችላል ወይ? ሠልጣኙስ ወደ ሳይት ሲመለስ የሚጠቀምበት ነገር ይዞ ይወጣል ወይ?

ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። ኮምፒውተሩ ሁለተኛ መምጣት አለበት። መጀመሪያ የጠረጴዛው ጨዋታ፣ ከዚያ ሞዴሉ፣ በመጨረሻ የሳምንቱ ዕቅድ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሥልጠናው የማውስ አያያዝ ትምህርት ይሆናል፤ ሃያ ዓመት ግንብ ሲሠራ የኖረ ሰው ከልጁ እኩያ ፊት እንዳላዋቂ ተቆጥሮ ይወጣል፣ ሁለተኛም አይመጣም።

የሙያዎች ሰልፍ

ከሁሉም የላቀ ነጥብ የምንሰጠው ለዚህ ጨዋታ ነው። አይሪስ ቶምሊን፣ ዴቪድ ራይሊና ግሬግ ሃውል በ1990ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ያስተዋወቁት ሲሆን፣ አንዱ ሙያ ሥራውን ለሌላው እያስረከበ የሚሄድበትን ሰልፍ በዳይስ ያሳያል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የሚያስፈልገው ዕቃ ከማንኛውም ሳይት አይጠፋም፦ 35 ቆርኪ፣ 7 ዳይስ፣ በጠመኔ የተሠመሩ አራት ማዕዘኖች፣ የመመዝገቢያ ወረቀት። ዳይሱን ከገበያ አይግዙ፤ ከ1 እስከ 6 ያለው የሉዶ ዳይስ ለዚህ አይሆንም። ከአናጺው ቁርጥራጭ ጣውላ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ኩብ አስቆርጦ በማርከር ቁጥር መጻፍ ይሻላል።

ለአገራችን ሕንፃ የሚስማማው አደላደል ይህ ነው። 35ቱ ቆርኪ 35 ቤት ነው፤ 7 ወለል፣ በየወለሉ 5 ቤት። ሰባቱ ተጫዋቾች በተራ አርማታ፣ ብሎኬት፣ ኤሌክትሪክ፣ ቧንቧ፣ ልስን፣ ሴራሚክና ቀለም ናቸው። የዳይሱ አማካይ ሁልጊዜ 5 ነው፤ ማለትም እያንዳንዱ ቡድን በአማካይ በሳምንት አንድ ወለል ይጨርሳል። ልዩነቱ የዳይሱ ጎኖች ላይ ነው። አንዱ ዓይነት 3 ጎኑ 4፣ 3 ጎኑ 6 ይሆናል። ሌላው 3 ጎኑ 1፣ 3 ጎኑ 9። የሁለቱም አማካይ 5 ነው፤ ጨዋታው የሚያስተምረው ሁሉ እዚህ ውስጥ ተቀብሯል።

አጨዋወቱ፦ አሠልጣኙ «ሳምንት 1» ሲል ሁሉም በአንድ ጊዜ ዳይስ ይጥላሉ። አርማታ በወጣለት ቁጥር ልክ ቆርኪ ወደ ብሎኬት ያሳልፋል። ሌሎቹ ማሳለፍ የሚችሉት ባለፈው ሳምንት መጨረሻ እጃቸው ላይ የነበረውን ብቻ ነው። ዳይሱ 9 ቢልም እጅ ላይ 2 ብቻ ካለ 2 ይተላለፋል፤ የቀረው 7 «የባከነ ጉልበት» ተብሎ ይመዘገባል። ዳይሱ 1 ብሎ እጅ ላይ 10 ካለ ደግሞ 9ኙ ተከምሮ ይቆያል። ወረቀቱ በየሳምንቱ የሚሞሉ አራት ዓምዶች ይኖሩታል፦ የዳይሱ ቁጥር፣ የተላለፈ፣ የባከነ፣ የተከማቸ።

ሁሉም ዳይስ በቋሚነት 5 ቢል ሥራው በ13 ሳምንት ያልቃል። አርማታ በ7ኛው ሳምንት ይጨርሳል፤ ቀለም በ7ኛው ጀምሮ በ13ኛው ያበቃል። በ1 እና 9 ዳይስ ሲጫወቱ ምን እንደሚሆን በሦስት ሳምንት ብቻ እንመልከት። በመጀመሪያው ሳምንት አርማታ 9 ይወጣለትና 9 ቤት ለግንበኛው ያስረክባል። በሁለተኛው ሳምንት ግንበኛው 1 ይወጣለታል፤ አንድ ቤት ብቻ ያሳልፋል፣ 8ቱ ይቀራሉ፤ አርማታ ደግሞ እንደገና 9 ጥሎ ክምሩን 17 ያደርሰዋል። በሦስተኛው ሳምንት ኤሌክትሪሺያኑ 9 ይወጣለታል። ሰዎቹ ተሟልተዋል፣ መሰላሉ ቆሟል፣ ኮንዲዩቱ ተገዝቷል። እጁ ላይ ያለው ግን አንድ ቤት ነው። የ8 ቤት ጉልበት እዚያው ይባክናል፤ ያ ሳምንት ተመልሶ አይመጣም። ከእሱ ኋላ ያሉት አራቱ ሙያዎች ገና ቤት እንኳ አላዩም። አማካዩ 5 ነው ብሎ 13 ሳምንት ቃል የገባው ተቋራጭ ቀለሙን በዚያ ቀን አያስጨርስም።

በልምድ የሚበላሸው የት ነው? የመጀመሪያው ስህተት በዚያው ሳምንት የተቀበሉትን ቆርኪ ወዲያው ማሳለፍ ነው። አንድ ሰው ይህን ካደረገ ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል። መፍትሔው በእያንዳንዱ ተጫዋች ፊት ሁለት ሳጥን ማሥመር ነው፤ አንዱ «የገባ»፣ ሌላው «ለሥራ የተዘጋጀ»። ቆርኪው ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚሻገረው ሳምንቱ ሲዘጋ ብቻ ነው። ሁለተኛው ስህተት ሠልጣኞቹ ውጤቱን ሁሉ ለዕድል መስጠታቸው ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ሁለት ጠረጴዛ ጎን ለጎን ማጫወት ነው፤ አንደኛው በ4 እና 6፣ ሁለተኛው በ1 እና 9። 14 ሰው ለዚህ በቂ ነው። የ4 እና 6 ጠረጴዛ ቀድሞ ሲጨርስና የባከነ ጉልበቱ ሲያንስ አማካዩ አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ማንም ያያል። አንድ ዙር ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይወስዳል፤ ከዚያ በላይ ከሄደ ሒሳብ የሚመዘግቡት ዘግይተዋል ማለት ነው።

ጨዋታው ካለቀ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ከራሱ ከጨዋታው ይበልጣል፤ ብዙ አሠልጣኞች ግን ይዘሉታል። ለእያንዳንዱ ሙያ «ሳይት ላይ ዳይስህን 1 የሚያደርገው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ሰሌዳ ላይ መጻፍ ነው። ሲሚንቶ ጠፋ። ዝናብ ጣለ። ፕላኑ ተቀየረ ተባለ፣ አዲሱ ግን እጃችን አልገባም። ለሽንት ቤት ቧንቧ ማሳለፊያ ቀዳዳ ሳይተው ሶሌታው (የወለሉ ኮንክሪት) ተሞላ። የበሩ ስፋት በአርክቴክቱ ፕላን 90፣ በብሎኬቱ ላይ 80 ሆነ። የስዊች ሳጥኑ ቦታ ላይ ኮለን (ምሰሶ) ቆመ። ከዚያ ዝርዝሩን በሁለት ይክፈሉት፤ ሞዴል ቀድሞ ሊያሳየው የሚችለውና የማይችለው። ሲሚንቶንና ዝናብን ሞዴል አያስተካክልም፤ ይህን በግልጽ መናገር የሠልጣኙን እምነት ያተርፋል። ቀዳዳው፣ በሩና ስዊቹ ግን ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት በስክሪን ላይ ይታዩ ነበር። ሰው ላፕቶፑን ለማየት ራሱ የሚጠይቀው በዚህ ጊዜ ነው።

የጨዋታውም ድካም አለ። ተጫዋቹ ከጎረቤቱ ጋር አይደራደርም፤ ዳይሱ የሚለውን ብቻ ይፈጽማል። የተበላሸ ሥራ አፍርሶ መሥራት የሚባል ነገር የለበትም። ስለዚህ ብቻውን ሥልጠና አይሆንም።

በአጭሩ የምናልፋቸው

ቪሌጎ የሚባለው ጨዋታ በሌጎ (በሚገጣጠሙ የፕላስቲክ ብሎኮች) ቤት ሁለት ጊዜ ያስገነባል፤ አንዴ በተለመደው መንገድ፣ አንዴ ሙያዎቹ አንድ ላይ ተቀምጠው ባቀዱት መንገድ። ድርድሩን ስለሚጨምር የቆርኪውን ጉድለት ይሞላል። ግን የሚሸጥ ምርት ነው፣ የሚመራው ሰውም ሥልጠና ይፈልጋል፤ ሌጎውም ከውጭ የሚመጣ ነው። ሊፕኮን የተባለው፣ ራፋኤል ሳክስና ባልደረቦቹ ሃይፋ በሚገኘው ቴክኒየን ያዘጋጁትና በ2007 ያሳተሙት፣ ደንበኛ በየቤቱ ምርጫውን ሲለዋውጥ ከፍ ባለ የአፓርታማ ሕንፃ ላይ ምን እንደሚፈጠር ያሳያል። ለአልሚዎችና ለፕሮጀክት ኃላፊዎች ጠቃሚ ነው፤ ለልስን ሠራተኛ ግን ርቆ ይቆማል።

ማይንክራፍት የሚባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ወጣቶችን ስለሚስብ ብዙ ጊዜ ይነሣል። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም ከ2012 ጀምሮ ነዋሪዎች አደባባይና መናፈሻቸውን እንዲያቅዱበት ሲጠቀምበት ቆይቷል፤ ለዚያ ሥራ ጥሩ ነው። ለሙያተኛ ግን አይሆንም። አንዱ ብሎክ 1 ሜትር በ1 ሜትር በ1 ሜትር ነው፤ በ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬትና በ110 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ለሚኖር ሰው ይህ ልክ ምንም አይነግረውም። ኮንስትራክሽን ሲሙሌተር የሚባለው ሌላው የኮምፒውተር ጨዋታ ደግሞ የማሽን መንዳት ደስታ እንጂ ዕቅድ የለበትም። ሁለቱንም ለዚህ ዓላማ አንመክርም።

የዱፕሌክስ ሞዴልና ማሳያዎቹ

ነጻ የሥልጠና ሞዴል ለሚፈልግ በዓለም ላይ በብዛት የሚታወቀው ዱፕሌክስ የሚባለው ነው፤ ሁለት ቤተሰብ ጎን ለጎን የሚኖርበት ባለ ሁለት ወለል ቤት። ጥቅሙ ፋይሎቹ በሙያ ተለያይተው መምጣታቸው ነው፤ አርክቴክቸሩ ለብቻ፣ የመካኒክና ኤሌክትሪክ ሥራዎቹ ለብቻ። ፋይሉ አይኤፍሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ ቅርጽ ስለተቀመጠ በየትኛውም ማሳያ (ሞዴል ከፍቶ በሚያሳይ ሶፍትዌር) ይከፈታል። መጠኑም ትንሽ በመሆኑ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሳይንገዳገድ ይሠራል።

ማሳያዎቹን አንድ በአንድ፦

ቢአይኤምቪዥን የፖላንድ ሥራ ነው፤ በዊንዶውስ ብቻ ይሠራል፣ ነጻ ነው። ብዙ ፋይል ደራርቦ መክፈት፣ አንዱን ሙያ ማጥፋትና ማብራት፣ በመቁረጫ ሕንፃውን ሰንጥቆ ማየት፣ ርቀት መለካት ይቻላል። ለክፍል ሥልጠና የመጀመሪያ ምርጫችን ነው፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ፋይሉ በፍላሽ ከመጣ ይበቃል።

ዳሉክስ ዴንማርክ ውስጥ የተሠራ ሲሆን ስልክ ላይ ያለው ማሳያ የዚህ ግምገማ መልካም ዜና ነው። ሙያተኛው ስልኩን ያውቀዋል፤ ጣቱን አፍታቶ ማጉላትን ማንም አያስተምረውም። ችግሩ አካውንት መክፈትና ሞዴሉን ኢንተርኔት ላይ መጫን ይጠይቃል። 14 ሰው ኢሜይል እስኪያስታውስ ድረስ ጠዋቱ ያልቃል። አካውንቱን ከአንድ ቀን በፊት መክፈት፣ ሞዴሉን ዋይፋይ ባለበት ማውረድ ግድ ነው።

ናቪስወርክስ ፍሪደም ነጻ ቢሆንም የአምራቹን የአውቶዴስክን ቅርጽ ፋይሎች ብቻ ያያል፤ ግጭት፣ ማለትም ሁለት ሥራዎች አንድ ቦታ ላይ የሚደራረቡበትን፣ የመፈለጊያ መሣሪያ የለውም። ከአንድ ትልቅ ፕሮጀክት ፋይሉ ተዘጋጅቶ ካልመጣ በስተቀር ለሥልጠና አይጠቅምም። ሶሊብሪ ኤኒዌር ለማየት ጥሩ ነው፤ ከቢአይኤምቪዥን የሚበልጥበትን ምክንያት ግን ለዚህ ሥራ አላየንበትም።

ቦንሳይ፣ እስከ 2024 ድረስ ብሌንደርቢም ይባል የነበረው፣ ፍጹም ነጻ ነው። ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ግጭትን ራሱ ፈልጎ ማውጣቱና ግንባታውን በጊዜ ቅደም ተከተል ማሳየቱ ነው። ግን ብሌንደር በሚባለው የሦስት አቅጣጫ ሥዕል ሶፍትዌር ውስጥ ስለሚሠራ ገጹ በቁልፎች የተጨናነቀ ነው። አሠልጣኙ ይማረው፤ ሠልጣኙ ፊት ባይከፈት ይሻላል።

ፋይል ሲከፈት የሚያጋጥሙ ሁለት ሕመሞች አሉ። አንደኛው፣ የቧንቧው ሞዴል ከሕንፃው ብዙ መቶ ሜትር ርቆ ይታያል፤ ሁለቱ ፋይሎች የተነሡበት የመነሻ ነጥብ ስለሚለያይ ነው። ይህን በማሳያው ለማስተካከል አይሞክሩ፤ ወደ አዘጋጁ ተመልሶ በአንድ መነሻ እንደገና መውጣት አለበት። ስለዚህ ሁሉም ፋይል አንድ ላይ ተደርቦ መሞከር ያለበት ሠልጣኝ ከመምጣቱ በፊት ነው። ሁለተኛው፣ ፋይሉ ጨርሶ አልከፈትም ይላል። ፋይሉን በኖትፓድ ከፍቶ መጀመሪያው ላይ ያሉትን ጥቂት መስመሮች ማንበብ ነው፤ አይኤፍሲ 2ኤክስ3 ወይም አይኤፍሲ 4 የሚል ይገኛል። አሮጌ ማሳያ ካለ 2ኤክስ3 ሆኖ እንዲወጣ ማዘዝ ይበቃል።

አሁን ወደ ዱፕሌክስ ትልቁ ጉድለት እንምጣ። የቤቱ አሠራር የአሜሪካ ነው። የውስጥ ግድግዳው ባለ 92 ሚሊ ሜትር የክፈፍ ግድግዳ ነው፤ ወለሉ በእንጨት አግዳሚዎች (ጆይስት) የተያዘ ነው። እዚያ ኤሌክትሪሺያኑ ግድግዳው ክፍት እያለ ሽቦውን ያሳልፋል። እኛ ዘንድ ኮንዲዩቱ ፌሮው ከታሰረ በኋላ፣ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ሶሌታው ውስጥ ይገባል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ደግሞ ብሎኬቱ ከተገነባ በኋላ በመሮ ተቦርቡሮ ይቀበራል። የቅደም ተከተሉ ልዩነት ትንሽ ነገር አይደለም። ሠልጣኙ «ይሄ የኛ ሥራ አይደለም» ይላል፤ ትክክልም ነው። ዱፕሌክስ ማሳያ መያዝን ለማስተማር ይበቃል፣ ዕቅድ ለማስተማር አይበቃም።

የሽንት ቤቱን ቧንቧ ፍለጋ

ለዚህ ነው በዱፕሌክስ ላይ አንድ የአገር ውስጥ ሞዴል እንዲጨመር የምንመክረው። ትልቅ አይሁን። የአንድ ወለል ሁለት ቤት፣ 20 ሳንቲ ሜትር የውጭ ግድግዳ፣ 10 ወይም 15 የውስጥ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ሶሌታ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው ቢሞች (ሶሌታውን የሚሸከሙ የኮንክሪት አግዳሚዎች)፣ ሁለት ሽንት ቤት፣ አንድ የቧንቧ መውረጃ ጉድጓድ፣ የውሃ፣ የፍሳሽና የኤሌክትሪክ መስመር። ፍሪካድ የሚባለው ነጻ የንድፍ ሶፍትዌር ከ2024 ማብቂያ ጀምሮ በ1.0 ስሪቱ የሕንፃ ክፍሉን አብሮ ስለያዘ ለዚህ ይሆናል፤ አውቶካድ የለመደ መምህር ቶሎ ይግባባዋል። ኮሌጁ የአውቶዴስክ የትምህርት ፈቃድ ካለው የኩባንያው የሕንፃ ሞዴል ሶፍትዌር በሆነው ሬቪት ላይ ሠርቶ በአይኤፍሲ ማውጣትም ይቻላል። ኮንዶሚኒየም የሚሠሩ ሠልጣኞች ከሆኑ ሶሌታው ጠፍጣፋ ሳይሆን ቀድሞ የተሞላ ሪብ (ቀጭን የኮንክሪት አግዳሚ) እና ባዶ ብሎኬት እንዲሆን ያድርጉ፤ ኮንዲዩቱ የሚያልፍበት ቦታ በዚያ የተለየ ነው።

ሞዴሉ ውስጥ ሆን ተብሎ ስህተት ይቀበርበት። ከ6 እስከ 8 በቂ ነው፤ ከዚያ ከበዛ ጨዋታው ወደ ስህተት ለቀማ ይወርዳል፣ ለምን ስህተት እንደሆነ የሚነጋገር ይጠፋል። ከሁሉ የሚያስተምረው ይህ ነው።

የሽንት ቤቱ መቀመጫ ከመውረጃ ጉድጓዱ 2.5 ሜትር ይርቃል። 110 ሚሊ ሜትሩ ቧንቧ በ2 በመቶ ተዳፋት ሲሄድ 5 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። በመሐል አንድ ቢም አለ። ቢሙ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ሶሌታው 15 ነው፤ ስለዚህ ከሶሌታው ሥር 25 ሳንቲ ሜትር ወጥቶ ይታያል። ቧንቧው በሞዴሉ ላይ ይህን ቢም ሰንጥቆ አልፏል። በጠፍጣፋ ፕላን ላይ ግን ምንም አይታይም፤ የቧንቧው ፕላን ላይ ቢሙ አልተሣለም፣ የስትራክቸሩ ፕላን ላይ ቧንቧው የለም።

ቡድኑ መቁረጫውን በሽንት ቤቱ መሐል አስገብቶ ሲያይ ቧንቧው ከቢሙ ውስጥ ብቅ ይላል። ያኔ ውይይቱን ለሙያተኞቹ መልቀቅ ነው። ቧንቧ ሠራተኛው «ከቢሙ ሥር ላሳልፈው» ይላል። ይለካ፦ 25 የቢሙ፣ 11 የቧንቧው፣ 5 የተዳፋቱ፤ 41 ሳንቲ ሜትር። የወለል ከፍታው 3 ሜትር ከሆነ፣ ሶሌታው 15 ወስዶ 2.85 ይቀራል፤ ከዚያ 41 ሲቀነስ 2.44። ኮርኒሱ ሲጨመር 2.40 ገደማ። ይቻላል፣ ግን የታችኛው ቤት ሽንት ቤት ኮርኒስ ዝቅ ይላል፤ ለዚያም ደንበኛው መስማማት አለበት። ፌራዮው «ቢሙን እንብሳው» የሚል ካለ ያቆመዋል፤ የሥረኛው ፌሮ ሸክሙን የያዘ ነው፣ ከተቆረጠ ቢሙ ይሰነጠቃል። ግንበኛው መቀመጫውን ወደ ጉድጓዱ ጎን ማዞር ይጠቁማል፤ ያኔ ቢሙን መሻገር አያስፈልግም፣ በሩ ግን ወደ ሌላ ጎን መከፈት ይኖርበታል። ማንም ሶፍትዌር ይህን አይወስንም። ሞዴሉ ያደረገው ሦስቱን ሰዎች ኮንክሪት ሳይፈስስ አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው።

የዚህ ዙር ነጥብ አሰጣጥ ላይ ጥንቃቄ ይደረግ። ግጭት ላገኘ 1 ነጥብ፣ ሁለት ሙያ የተስማማበት መፍትሔ ላመጣ 3 ነጥብ ቢሰጥ ጥሩ ነው። ለማግኘት ብቻ ነጥብ ከተሰጠ ሁሉም የሌላውን ሙያ ጥፋት ሲፈልግ ይውላል፣ ሥልጠናው ወደ መካሰስ ያዘነብላል።

የሳምንቱ ዕቅድ

የመጨረሻው ዙር ግሌን ባላርድ ያዳበረው ላስት ፕላነር የተባለው አሠራር ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ሰው ራሱ ቃል ይገባል፣ ቃሉም ይለካል። ግድግዳ ላይ ትልቅ ወረቀት ይለጠፋል፤ ለእያንዳንዱ ሙያ የተለየ ቀለም ወረቀት ይታደላል። ዕቅዱ ከመጨረሻው ይጀምራል፦ ቀለም መጀመሪያ ይለጥፋል፣ «ለመጀመር ከማን ምን እፈልጋለሁ?» ይላል፣ ልስን ከእሱ በፊት ይለጥፋል፣ እንዲህ እየተባለ ወደ ኋላ ይኬዳል። ከሁለተኛው ዙር የተገኙት መፍትሔዎች እያንዳንዳቸው እንደ አንድ ወረቀት መግባት አለባቸው፤ «የቧንቧ ማሳለፊያ ቀዳዳ፣ ፌሮ ሳይታሰር በፊት፣ ኃላፊው ቧንቧ» ተብሎ።

ከዚያ አሠልጣኙ ለሳምንቱ ያልተጠበቀ ነገር ያወጣል፤ «ሐሙስ መብራት የለም» የሚል ካርድ ለምሳሌ። ቡድኑ 12 ሥራ ቃል ገብቶ 7 ከጨረሰ 58 በመቶ ነው። ግማሽ የሠራ ነጥብ የለውም፤ የተጠናቀቀ ወይም ያልተጠናቀቀ ብቻ። ይህ ሕግ ብዙ ክርክር ያስነሣል፣ ግን መላላት የለበትም፤ ቀጣዩ ሙያ በግማሽ ግድግዳ ላይ ልስን አይጀምርም። የወደቁት 5 ሥራዎች ጎን ለምን እንደወደቁ በአንድ ቃል ይጻፋል፤ ዕቃ፣ ሰው፣ ፕላን፣ የቀደመው ሥራ።

ፎርማኑ በዚህ ዙር ዋና እንቅፋት ይሆናል። ሳይት ላይ ትእዛዝ የሚሰጠው እሱ ስለሆነ የሁሉንም ወረቀት ራሱ መለጠፍ ይጀምራል፤ ሌላውም በአክብሮት ዝም ይላል። አንድ ደንብ ይበቃል፦ ማንም የሌላውን ቀለም ወረቀት አይነካም። ፎርማኑ መጠየቅ ይችላል፣ መጻፍ አይችልም።

ለማካሄድ የሚያስፈልጉ ነገሮች

የቁርጥ ሠራተኛ ከሥራ የወጣበት ቀን ገቢው የቀረበት ቀን ነው። ተቋራጩ የቀኑን አበል ካልሸፈነ በስተቀር ሥልጠናው ግማሽ ቀን በግማሽ ቀን ተከፍሎ፣ ሶሌታ ከተሞላ በኋላ ኮንክሪቱ ውሃ እየጠጣ በሚቆይባቸው ቀናት ቢደረግ ይመረጣል፤ ብዙ ሙያ በዚያ ጊዜ ይቀዘቅዛል። ሦስቱም ዙር በሁለት ግማሽ ቀን ይያዛሉ። የመጀመሪያውና ሦስተኛው መብራት አያስፈልጋቸውም፤ ስለዚህ መብራት ከሄደ የሁለተኛውን ዙር ቦታ መለዋወጥ ሳይሆን የመጀመሪያውን ማስረዘም ይሻላል።

ማንበብ የሚከብዳቸው ሠልጣኞች ይኖራሉ፤ መመዝገቢያውን ለእነሱ አይስጡ፣ ቆርኪና ዳይሱን ይስጧቸው። ሞዴሉ ላይ ሙያዎቹ በቀለም ይለዩ፤ ውሃ ሰማያዊ፣ ፍሳሽ ቡናማ፣ ኤሌክትሪክ ቢጫ፣ ስትራክቸር ግራጫ። ይህን ቀለም ሳይቀይሩ የሦስተኛውን ዙር ወረቀቶችም በተመሳሳይ ቀለም ያድርጓቸው። የሶፍትዌሮቹ ገጽ እንግሊዝኛ በመሆኑ አምስት ወይም ስድስት ቁልፍ ብቻ ይመረጥ፤ ክፈት፣ አጥፋ፣ አብራ፣ ቁረጥ፣ ለካ፣ መልስ። የእነዚህ ምስል ከአማርኛ ትርጉሙ ጋር በአንድ ገጽ ታትሞ በየላፕቶፑ ጎን ቢለጠፍ ከማንኛውም መመሪያ ይበልጣል። ላፕቶፑን ለሦስት ሰው አንድ ያድርጉት፤ ማውሱን የሚይዘው በየ10 ደቂቃ ይቀያየር፣ አለዚያ ወጣቱ ይዞት ይቀራል፣ ሽማግሌው ግንበኛ ከኋላ ቆሞ ይመለከታል።

ለኮሌጆች ሙሉውን ስብስብ ከዱፕሌክስ በተጨማሪ ከራስ ሞዴል ጋር እንመክራለን። ለአነስተኛ ተቋራጭ የቆርኪው ጨዋታና የሳምንቱ ዕቅድ ብቻ ቢካሄድ ይበቃል፤ ሞዴል የሚሠራ ሰው ካልቀጠረ በባዶ ላፕቶፕ አይድከም። ዱፕሌክስን ብቻ ከፍቶ የግማሽ ቀን የቢአይኤም ሥልጠና ሰጠሁ የሚል ካለ ግን ሠልጣኞቹን አንልክበትም።